ጭቃውን ቀድሞን ላየልን መንገድ መሪ

ባለፈው ቅዳሜ ተራራ ይዞን የወጣውን መንገድ መሪ ሳላመሰግነው ብቀር ቅር ይለኛል። ሃይኪንግ የምትወዱ ደግሞ እንደ ጥቆማ ያዙልኝ።

መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ነው ሲባል እኔ በልቤ ለምሳ ቤቴ ገብቻለሁ። እሱ ሳቅ አለና "ዳገቱስ? ጭቃውስ?" አለኝ። ለካ ለዚህ የቆየ ስሌት አለ። ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። በግምት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ይያዛል። ለየ600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። የኛ መንገድ 900 ሜትር ያስወጣል፤ ወደ 4 ሰዓት መሆኑ ነው። ያውም መሬቱ ደህና ሆኖ፣ ያለ ዕረፍት። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ስለነበር 6 ሰዓት ፈጀብን። እሱም ቀድሞ የነገረን 6 ነበር።

እንዴት አወቀ? በዋዜማው ብቻውን ሄዶ አይቶታል። ዛፍ የወደቀው የት ጋ እንደሆነ፣ ጅረቱ ምን ያህል እንደሞላ ያውቃል።

ጭቃው ጋ ስንደርስ ሁላችንም ጫማችንን ለማዳን በዳር ሣሩ ላይ ወጣን። "በመሃል እለፉ!" ብሎ መለሰን። ሰው ሁሉ ጭቃውን ሲዞረው ሣሩ ተረግጦ ያልቃል፣ እሱም ጭቃ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። እንዲህ እያለ ቀጭኗ መንገድ ሜዳ ታክላለች። ጫማዬ አዲስ ነበር። ምን ይደረጋል፣ ገባሁበት።

ዳገቱ ላይ መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጡ ድንጋዮች ነበሩ። እኔ እንቅፋት ብቻ ይመስሉኝ ነበር። የዝናቡን ውሃ ወደ ጎን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ባይኖሩ መንገዱ ተሸርሽሮ ቦይ ይሆን ነበር። ጠመዝማዛውን ትቶ በአቋራጭ መውረድም ይከለክላል፤ ሰው የቆረጠውን ውሃ ይከተለዋል።

ውለታው የገባኝ ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከመውረዳችን በፊት አስቁሞ የጫማ ማሰሪያችንን አጠበቀልን። አለበለዚያ እግር ወደፊት ይንሸራተትና ጥፍር ሲመታ ውሎ ይጠቁራል። "እርምጃ አሳጥሩ፤ እርጥብ የዛፍ ሥር አትርገጡ፣ ተሻገሩት" አለን። አንዱ ጓደኛችን አልሰማም። እስካሁን ሲቀመጥ በአንድ ጎኑ ነው።

ቅሬታም አለኝ፦ በሌሊት ነው የሚቀሰቅሰው።

ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። ሌላ መሪ የምትይዙ ከሆነም ከመስማማታችሁ በፊት "መንገዱን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?" በሉት። "አምና" ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።