የውሻ እጥበት ፍራንቻይዝ ወይስ የራስ መኪና? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ገንዘባቸውን ለማዋል ለሚያስቡ

ውጭ የሚኖር የወሎ ልጅ ጥቂት ገንዘብ ሲይዝ ወደ ደሴ የሚደውለው ወይ መሬት ለማጠያየቅ ነው፣ ወይ የሥራ ሐሳብ ለማማከር። ከሚነሱት ሐሳቦች አንዱ መኪና ላይ ገንዳ፣ የውሃ ማሞቂያና ማድረቂያ ገጥሞ ደጅ ለደጅ እየዞሩ ውሻ ማጠብና ጠጉሩን ማስተካከል ነው። ቀልድ የሚመስለው ይኖራል፤ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ግን የለየለት ንግድ ነው። ኦሲ ፔት ሞባይል፣ ዙሚን ግሩሚንና ጂምስ ዶግዋሽን የመሳሰሉ ድርጅቶች ስማቸውን፣ አሠራራቸውንና ሥልጠናቸውን በፍራንቻይዝ ይሸጣሉ። ስሙን ገዝቶ ወደ ወሎ ማምጣት ይሻላል ወይስ ያለ ስም በራስ መኪና መጀመር?

መልሴን አላዘገይም። ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ፍራንቻይዙ ሊያዋጣ ይችላል፤ ደሴ ላይ ግን አልገዛውም።

የሚሸጠው ስም ነው

ፍራንቻይዝ ሻጩ የሚሰጠው ነገር ብዙ ይመስላል፦ የተሰናዳ መኪና፣ የሥራ መመሪያ፣ የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና፣ የቀጠሮ መቀበያ ሥርዓት፣ ሌላ የዚያው ድርጅት ሰው የማይገባበት ክልል። ከእነዚህ አብዛኛውን በገበያ ተዘዋውሮ ማሟላት ይቻላል። ሻጩ ብቻ ያለው ስሙ ነው። ውሻዋን እንደ ልጅ የምታይ አንዲት የቨርጂኒያ ሴት ለማታውቀው ሰው በሯን አትከፍትም፤ መኪናው ላይ የተጻፈውን ስም ስታይ ግን ትከፍታለች። ገዢው በየወሩ የሚከፍለው ለዚህ እምነት ነው።

ያ ስም ሆጤ ወይም ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቢቆም ከመኪና ላይ ጽሑፍነት አያልፍም። ደሴ ላይ እምነት የሚመጣው «የእገሌ ልጅ ነው» ከሚል ምስክርነት ነው፤ ይህ ደግሞ በዶላር አይገዛም፤ አገሬው ከሆኑ ቀድሞውንም አለዎት።

ክፍያው

በአሜሪካ አንድ የተንቀሳቃሽ እጥበት ፍራንቻይዝ ከነመኪናው ከ100 ሺህ ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ሮያሊቲ፣ ማለትም ስሙን ለመጠቀም በየጊዜው ለሻጩ የሚከፈል ድርሻ፣ ይከተላል። ሮያሊቲ በአብዛኛው የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ላይ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ለምሳሌ ያህል በወር 100 ሺህ ብር ሸጡ፣ ውሉም 8 በመቶ ሮያሊቲና 2 በመቶ የማስታወቂያ መዋጮ ይላል እንበል። የነዳጅ፣ የሠራተኛና የሳሙና ወጪዎ 98 ሺህ ብር ቢሆን እንኳ 10 ሺህ ብሩ ይሄዳል። ሁለት ሺህ ብር አተረፍሁ ያሉት ሰው ስምንት ሺህ ከኪስዎ ጨምረው ወሩን ይዘጋሉ።

አንዳንድ ውል ደግሞ ሽያጭ ኖረም አልኖረም የማይቀር ወርሃዊ ክፍያ አለው፤ ይህ በውጭ ምንዛሪ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በወር አንድ ሺህ ዶላር ለመክፈል የፈረመ ሰው አንድም ውሻ ሳይጨምር ዕዳው በእጥፍ ሊጠጋ ነበር። በራስ መኪና የሚሠራ ሰው ሻምፖውና የመላጫው ስለት ይወደድበት ይሆናል፤ ገቢው ላይ የተቀመጠ ባለዶላር ግን የለበትም።

ሕጉ ማንን ይጠብቃል?

በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ሻጩ 23 ርዕሶች ያሉትን የመግለጫ ሰነድ ውል ከመፈረሙ ወይም ገንዘብ ከመከፈሉ ቢያንስ 14 ቀናት ቀደም ብሎ ለገዢው እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሰነዱ የመነሻ ወጪን፣ ቀጣይ ክፍያዎችንና ሻጩ ያለበትን የፍርድ ቤት ክርክር ይዘረዝራል። እኔ ብገዛ ፊተኛውን ገጽ ትቼ በቀጥታ ወደ 20ኛው ርዕስ እሄዳለሁ፤ ባለፈው ዓመት ሥራውን የለቀቁ ገዢዎች ዝርዝር እዚያ አለ። እየሠራ ያለ ሰው ሥራውን ማሞገሱ አይቀርም፤ የለቀቀው ግን ሒሳቡን ይነግርዎታል። በ19ኛው ርዕስ ስለ ገቢ መናገር ለሻጩ የተፈቀደ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ባዶ ካገኙት ለምን ብለው ይጠይቁ።

ይህ ጥበቃ አሜሪካ ውስጥ ለሚከፈት ሥራ ብቻ ነው፤ ደሴ ላይ ለሚከፈት አይሠራም። በእኛ በኩል የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፍራንቻይዝን በስሙ ያውቀዋል። ሻጩ መረጃ ቢደብቅዎ ግን ክርክሩ በየትኛው አገር ፍርድ ቤት ወይም የግልግል ጉባኤ እንደሚታይ የሚወስነው በአብዛኛው ውሉ ነው። ያን አንቀጽ ጠበቃ ሳያነበው አይፈርሙ።

ሐረጎ፣ ውሃና ብርድ

የፍራንቻይዙ መኪና የተነደፈው ለአስፋልትና ለማይቋረጥ ውሃ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገዱ ሐረጎ የተባለውን ዳገት ይወጣል፤ ከፍታው ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ይጠጋል። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፤ ጄኔሬተርና ገንዳ ተጨምሮበት ያንን ዳገት በቀን ሁለት ጊዜ መውጣት ነዳጅ ይበላል። ውሃን በየከተማው መሙላት ይሻላል። የደሴ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ስላለ ግን የራስ ሮቶ ያስፈልጋል። ጦሳ ተራራ ሥር በኅዳር ጠዋት ያጠቡትን ውሻ ሳያደርቁ ቢለቁት ባለቤቱ ዳግመኛ አይጠራዎትም፤ መብራት ሲጠፋም ማድረቂያው መሥራት አለበት። መመሪያው ለእነዚህ መልስ የለውም፤ ውሉ ደግሞ ከመመሪያው እንዳይወጡ ያስርዎታል።

መኪናውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ «የድርጅቱ መለኪያ ይህ ነው» ተብሎ የታዘዘን መኪና አስገባለሁ ማለት አስቀድሞ በጉምሩክ በኩል መጣራት አለበት። በራስ መንገድ የሚሄድ ሰው አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ እዚሁ ብየዳ ቤት ያሰናዳል፤ ላቫጆ የሚያውቅ ሰው የውሃ ግፊት ማሽኑን ይገጥምለታል።

ደንበኛው ማን ነው?

ወሎ ውስጥ ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው። ሙስሊሙ የውሻ ምራቅ ስለሚያረክሰው ከቤት አያስገባውም፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ቦታው ደጅ ነው ይላል። አንድ ጎረቤቴ ዋጋውን ሲሰሙ «በዚህ ብርማ በግ አይገዛም ወይ?» ብለውኛል፤ ክርክር አልገጠምኋቸውም። ለውበት የሚከፍል የለም ማለት ይቻላል። ስለ መዥገርና ቁንጫ የሚጨነቅ ግን አለ፤ በተለይ ሞቃታማ በሆነችው ኮምቦልቻ።

የራስ መኪና ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። የፍራንቻይዝ ውል ውሻና ድመት ካለ ውሻና ድመት ነው። በራስዎ ከሠሩ ግን በከተማው ዳር ድቅል ላም የሚያረቡትን፣ በግና ሰንጋ የሚያደልቡትን ደንበኛ ማድረግ ይችላሉ፦ የመዥገር ማጥፊያ ርጭት፣ ያደገ ሰኮና መቁረጥ፣ የበረት እጥበት። የወተት ላም ስታነክስ ወተቷ ይቀንሳል፤ ባለቤቷ ለዚያ ሳያመነታ ይከፍላል። የሕክምናው ክፍል የሐኪም ሥራ ስለሆነ አብሮዎት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለው ሰው ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ የለብዎትም።

ሐኪሙ የሚያስፈልገው በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያትም ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወደ ሰው ከሚተላለፈው በሽታ እስከ 99 በመቶው በውሻ በኩል የሚመጣ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የአሜሪካው አሠራር ውሻው ተከትቧል ብሎ ይነሳል፤ እዚህ ያ ግምት አይያዝም። ያልተከተበ ውሻ ገንዳ ውስጥ አይግባ፤ አጣቢውም አስቀድሞ ራሱ ይከተብ።

የቱን ማን ይግዛ?

ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ሙያው የሌለው፣ ደንበኛ ማፈላለግ የሚከብደው ወንድም ወይም እህት ካለዎት ፍራንቻይዙን ቢመለከት አልቃወምም፤ የለቀቁትን ሰዎች ደውሎ ካነጋገረ በኋላ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን የራስ መኪና ይሻላል። ያም ቢሆን ከመኪናው በፊት ኮምቦልቻ ላይ ከአንድ የእንስሳት ክሊኒክ አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ገንዳና ማድረቂያ ብቻ ይዘው ቢጀምሩ እመርጣለሁ። ሰው ውሻውን ወይም ጥጃውን ጎትቶ እስከዚያ ካመጣ፣ ቤቱ ድረስ ቢሄዱለት ስንት እንደሚጨምር ያን ጊዜ ይጠይቁት።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ዓይነት ውል ብቻ ነው፦ ሻጩ ሥልጠናውን ለብቻው በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚሸጥ፣ ወርሃዊውን የሚተው፣ ክፍያውን በብር የሚቀበል ከሆነ። እንዲህ ያለ ሻጭ ካገኙ ረቂቅ ውሉን ለጠበቃም ለእንስሳት ሐኪምም ያስነብቡት።