ገፈርሳና አባ ሳሙኤል፦ የአንድ ወንዝ ራስጌና ግርጌ

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚገኙት እነዚህ ሁለት ሰው ሠራሽ ሐይቆች በትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገናኛሉ። በአምቦ መንገድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ገፈርሳ የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ሲሆን፣ በበጋ ውኃው ሲሸሽ ወደ ሐይቁ ዘልቀው የሚታዩት ሣራማ የመሬት ምላሶች ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የማይገኘውን ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ያሰማራሉ፤ ለወፍ ተመልካች እኔ የምመርጠውም ይህንኑ ሐይቅ ነው። በደቡብ፣ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የተኛው አባ ሳሙኤል ለኤሌክትሪክ ኃይል የተገደበ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከከተማዋ ይዘውት የሚወርዱት ደለልና ፍሳሽ ሁሉ እዚያ ስለሚጠራቀም፣ እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታ ውኃውን እምቦጭ ወርሮታል። ሆኖም ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ዛሬም በረግረጉ ያርፋሉ።