ገጀራ፣ የእጅ መጋዝ ወይስ ሞተር መጋዝ? ለጅማ ጓሮ የሚሆነው የቱ ነው?

ባለፈው ጥር ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ግቢ ተጠርቼ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አንድ ያረጀ አቮካዶ አለ። ከጥላው ሥር ሃያ ያህል እግር ቡና ቆሟል። ባለቤቱ ጋሼ አዲስ ሞተር መጋዝ ገዝተዋል፤ ካርቶኑ ገና በረንዳ ላይ ነው። «ና እስቲ ልጄ፣ አስነሳልኝ» አሉኝ። መጀመሪያ አቮካዶውን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። መውረድ ያለባቸው ስድስት ቅርንጫፎች ናቸው። አምስቱ ከእጅ አንጓ አይወፍሩም። አንዱ ብቻ የክንድ ያህል ነው። ከቦርሳዬ የእጅ መጋዜን አውጥቼ ጀመርኩ። ቡናው በረካ ሳይደርስ ስድስቱም መሬት ላይ ነበሩ።

ለጋሼ ግን ከልቤ አዘንኩ። ያ ሁሉ ብር የወጣው ለማይፈልጉት ዕቃ ነው። እንደሳቸው ያለ ሰው በየወሩ ስለሚያጋጥመኝ ነው ይህን የምጽፈው። ጅማ ላይ ዛፍ መመልመልና ቡና መጎንደል፣ ማለትም ያረጀውን ግንድ ወደ መሬት ቀረብ አድርጎ ቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ፣ እንጀራዬ ነው። ከሚከተሉት መሣሪያዎች ያልያዝኩት የለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የምቆርጠው ምን ያህል ይወፍራል? መሣሪያው ዛፉ ላይ ምን ዓይነት ቁስል ይተዋል? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቆዳ አይድንም። ዛፉ የተጎዳውን እንጨት ውስጥ ለውስጥ ይከልለዋል፤ ከዚያ ከዳር ጀምሮ አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። ይህን በደንብ ያሳየን አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ግንዶችን ሰንጥቆ ውስጣቸውን አጥንቷል። ቁስሉ ለስላሳ ከሆነና ትክክለኛ ቦታ ላይ ካረፈ ዛፉ ቶሎ ይከልለዋል። ከተቦጫጨቀ ውሃ ይይዛል። ጅማ ደግሞ ዝናቧ ረጅም ነው። ውሃ የያዘ ቁስል ይበሰብሳል።

ገጀራ

ከሁሉም ርካሹ ነው፤ የሌለበት ቤትም የለም። ለቁጥቋጦ፣ ለሳር፣ የወደቀ ባህር ዛፍ ቅርንጫፉን ለመመልመል ወደር የለውም። ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ ከውጭ የሚገባው ቀጭኑ ነው። ሌላው ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ነው። ባሌስትራው ይከብዳል፤ ስለቱ ግን ይቆያል። እኔ የምይዘው እሱን ነው። ስትገዙ እጀታውን ያዙና ጫፉን መሬት ላይ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። እጃችሁ ላይ የሚላወስ ከሆነ ተዉት። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባቱንም እዩ።

የቆመ ዛፍ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ግን ገጀራ አትግዙ። ቅርንጫፉ በገጀራ ሲመታ አይቆረጥም፤ ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ቅርፊቱን ከግንዱ ላይ ገፎ ይዞት ይወርዳል። የአንድ ጎረቤቴ አቮካዶ ላይ ይህን አይቻለሁ። ግፋፊው ከትከሻ እስከ ወገብ ይደርስ ነበር። በሁለት ክረምት ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ እንጉዳይ በቀለበት።

ቡና ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ቡናን የሚያደርቀው በሽታ ፈንገስ ነው። በቁስል በኩል ይገባል፤ አረም ሲታጨድ ገጀራ ግንዱን ከጫረው በዚያ ይገባል። የታመመ ቡና የነካ ስለት ወደ ጤነኛው ሲሄድ በሽታውን ይዞት ይሄዳል። ቅጠሉ በአንድ ጎን ሲጠወልግ ካያችሁ ስለቱን ወደ ሌላ እግር አታሻግሩ። አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ እጠቡት፤ ወይም በ70 ፐርሰንት አልኮል ጥረጉት። በረኪና ብረት ያዝጋል፤ ስለዚህ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት። ይህ ለመጋዝም ለመቀስም ይሠራል።

የአትክልት መቀስ

ለአውራ ጣት ውፍረትና ከዚያ በታች ነው። ሁለት ዓይነት አለ፤ ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። አንደኛው ሁለቱ ስለቶች ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። ሁለተኛው አንዱ ስለት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ያርፋል። የሚተላለፈውን ግዙ። ጠፍጣፋው እርጥብ እንጨት ይጨፈልቃል። እሱ ለደረቅ ጭራሮ ይሁን።

ሱቅ ውስጥ የምፈትንበት መንገድ ቀላል ነው። ስስ ወረቀት አወጣለሁ፤ ደረሰኝም ቢሆን። በስለቱ ጫፍ ልቁረጠው ስል ካጠፈው ወይም ካኘከው ዕቃውን እመልሳለሁ። ከዚያ ሞላውን አያለሁ፤ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። በብሎን የሚፈታ መቀስ ከተበየደ ይሻላል፤ ተፈትቶ ይሳላል። እጀታው ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቢሆን ደስ ይለኛል። አረንጓዴውን ሳር ውስጥ ጥላችሁት ሁለት ቀን ትፈልጉታላችሁ።

ለሁለት እጅ የሚሆን ረጅም እጀታ ያለውም አለ። እስከ 4 ሴንቲሜትር ድረስ ይቆርጣል። ብዙ ቡና ላለው ሰው ወገብ ያድናል። አሥር እግር ብቻ ካላችሁ ይቅርባችሁ።

የእጅ መጋዝ፦ ብሩ እዚህ ላይ ይውጣ

ጅማ ላይ አብዛኛው ግቢ ያለው አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ግራቪሊያ፣ አልፎ አልፎ ዋንዛ ወይም ሳሳ ነው። የሚወርደው ቅርንጫፍ አብዛኛው ከ15 ሴንቲሜትር በታች ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ ጥሩ የእጅ መጋዝ ይበቃል።

እባካችሁ የአናጺ መጋዝ አትግዙ። የአናጺ መጋዝ የተሠራው ለደረቅ ጣውላ ነው። ሲገፋ ነው የሚቆርጠው። እርጥብ ቅርንጫፍ ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል፤ ስትገፉት ይታጠፋል። የመመልመያው መጋዝ ስለቱ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ ጥርሱ ወደ እጀታው ያዘነበለ ነው። ሲሳብ ይቆርጣል። ወደ ላይ ተንጠራርታችሁ ስትሠሩ ክብደታችሁ ያግዛችኋል፤ መጋዙም አይታጠፍም።

ርዝመቱን እንዲህ ምረጡ፦ ስለቱ ከቅርንጫፉ ውፍረት ሁለት እጥፍ ይሁን። 30 ሴንቲሜትር ስለት 15 ሴንቲሜትር እንጨት በምቾት ይቆርጣል። ከዚያ ጥርሱን ብርሃን ላይ ያዙና እዩት። ጫፉ ጠቆር ወይም ሰማያዊ ያለ ከሆነ ጥርሱ በእሳት ጠንክሯል ማለት ነው። ለብዙ ጊዜ አይደነዝዝም፤ ሲደነዝዝ ግን ሞረድ አይነካውም። ስለቱን መቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩን ቅያሪ ስለት አለህ ወይ በሉት። ከሌለው ጥርሱ በሞረድ የሚሳለውን ምረጡ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳልጠይቅ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፤ በሁለተኛው ዓመት መጋዙ ሙሉውን ተጣለ። ተጣጥፎ ኪስ የሚገባው ደግ ነው፤ መቆለፊያው ጠንካራ መሆኑን ግን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። ሲሠራ ጣት ላይ የሚታጠፍ መጋዝ አይቻለሁ።

አቆራረጡንም ልንገራችሁ፤ መጋዙ ጥሩ ሆኖ አቆራረጡ ከተበላሸ ብሩ ባከነ። ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይወርድም። ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቃችሁ መጀመሪያ ከሥር ወደ ላይ ሲሶ ያህል ቁረጡ። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ጨርሱት። ክብደቱ ወደቀ፤ ቅርፊት አልተገፈፈም። የቀረውን ጉቶ በሦስተኛ ቆረጣ አንሱ። ቅርንጫፉ ግንዱን የሚይዝበት ቦታ ላይ እንደ ቀለበት ያበጠ ነገር አለ። በጣታችሁ ዳብሱት፤ ይታወቃችኋል። እሱን አትንኩ። ከእሱ ውጭ፣ ጉቶ ሳታስቀሩ ቁረጡ። ዛፉ ቁስሉን የሚከልለው ከዚያ ቀለበት ተነስቶ ነው።

ቁስሉን ቀለም ወይም እበት አትቀቡት። እርጥበት ያፍናል እንጂ መበስበስ አያቆምም። አቮካዶ ብዙ ቅጠል ከወረደለት ግን ፀሐይ ያላየው ቅርፊት ይቃጠላል። እዚያ ላይ ኖራ በውሃ አቅጥኖ መቀባት ጥሩ ነው። ኖራው ለቅርፊቱ ነው፤ ለቁስሉ አይደለም።

ቀስት መጋዝ

እንደ ቀስት የጎበጠ ቱቦ ላይ ስስ ስለት የተወጠረበት ነው። የታወቁት መጠኖች 53 እና 76 ሴንቲሜትር ናቸው። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ጋር በተጠጋበት ቦታ አይገባም፤ ቀስቱ ይጋጫል። ቡና ለመጎንደል ግን ከሱ የሚሻል አላየሁም።

ጉንደላ የሚሠራው ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናብ ሳይገባ ነው። ያረጀው ግንድ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ በሰያፍ ይቆረጣል፤ ውሃ እንዳይቋጥር። 53ቱ ለዚህ ልክ ነው። ስለት ስትገዙ ለእርጥብ እንጨት የሚሆነውን ጠይቁ። በየጥቂት ጥርሱ መሐል ሰፋ ያለ ክፍተትና አጠር ያለ ጥርስ አለው፤ እርጥቡን ፍቅፋቂ ጠርጎ ያወጣል። ሁሉም ጥርስ እኩል የሆነው ለደረቅ ነው። ስለቱ ርካሽ ስለሆነ ሁለት ግዙ። ስለ ቡናው የተጠራጠራችሁት ካለ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችሁ ነው፤ የቡና ምርምር ዋና ቤት እሱ ነው።

ሞተር መጋዝ

ባህር ዛፍ የሚቆርጥ፣ ማገዶ የሚሸጥ፣ በዓመት ብዙ ግንድ የሚያወርድ ሰው ይግዛ። ለዓመት ሁለት ቅርንጫፍ ብሎ የሚገዛ ሰው ግን ጣጣ ገዛ። ቤንዚኑ ብቻውን አይሠራም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለሆነ ዘይት ይቀላቀላል። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው። ለሰንሰለቱ የተለየ ዘይት አለ፤ ከመኪና የወጣ ጥቁር ዘይት አትጨምሩበት። ሞረዱም ውፍረቱ እንደ ሰንሰለቱ ይለያያል። ቁርጥራጩ ወፈር ያለ ፍቅፋቂ ከሆነ ሰንሰለቱ ስል ነው። እንደ ዱቄት ከሆነ አቁሙና ሳሉት።

ስትገዙ ቀለሙን አይታችሁ አትመኑ። ስቲል (Stihl) የሚባለውን የታወቀ የሞተር መጋዝ ስም ብርቱካናማና ነጭ ቀለም አስመስለው የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ጅማ ላይ ሰንሰለት፣ ካንዴላና ማስነሻ ገመድ ይገኝለታል ወይ? ይህን ሳታጣሩ ብር አትቁጠሩ። ለአንዲት ሰንሰለት 350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ መላክ ሥራ ያስቆማል። ሱቁ ውስጥ አስነሱት፤ የእጅ መከላከያውን ወደ ፊት ግፉ። ሰንሰለቱ ወዲያው ካልቆመ ፍሬኑ አይሠራም፤ ጥላችሁት ውጡ።

ይህን ደግሞ እንደ ወንድም ስሙኝ። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት ጫፉ ላይ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ፊታችሁ ይዘላል። ሰው አይቀድመውም። መሰላል ላይ ሆናችሁ፣ በአንድ እጅ ይዛችሁ ወይም ከትከሻ በላይ አንስታችሁ አትጠቀሙበት። ዛፍ ላይ መውጣት ካለበት የለመደ ሰው በገመድ ታስሮ ይውጣ። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ አጠገብ ከሆነ ማንም አይንካው፤ ለመብራት ኃይል ደውሉ።

አሁን ደግሞ በባትሪ የሚሠራ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ሞተር መጋዝ መጥቷል። ለቀጭን ቅርንጫፍ ፈጣን ነው፤ ድምፁም ጎረቤት አያስቸግርም። በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን አትመኑ። 48 ወይም 88 ቮልት የሚል አይቻለሁ። አንድ የሊቲየም ሴል 3.6 ቮልት ነው። አምስቱ ሲደረደሩ 18 ነው፤ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 21። ባትሪው ውስጥ ስንት ሴል እንዳለ ጠይቁ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሁለት ባትሪ ከሌላችሁ ሥራችሁ መሐል ላይ ይቀራል።

እኔ ዛሬ ከባዶ ብጀምር መጀመሪያ የእጅ መጋዙን፣ ቀጥሎ የሚተላለፈውን መቀስ፣ ቡና ካለኝ ደግሞ ቀስት መጋዙን እገዛ ነበር። የሦስቱ ዋጋ ተደምሮ የአንድ ደህና ሞተር መጋዝ ሩቡን አይሞላም። ትልቅ ግንድ በመጣ ቀን ባለሙያውን ከነሞተሩ እጠራለሁ።

ጋሼ ሞተር መጋዙን ሰቃ ላይ ባህር ዛፍ ላለው ወንድማቸው ሰጡትና ባለ 53ቱን ቀስት መጋዝ ገዙ። ከሃያው እግር ስድስቱን በየካቲት ራሳቸው ጎነደሉ። ሚያዝያ ላይ በዚያ ሳልፍ ጠርተው አሳዩኝ። ሰያፉ ለስላሳ ነው፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን አልተላጠም። ከሥሩ የጣት ያህል ቀንበጦች ወጥተዋል። «ስንቱን ላስቀር?» አሉኝ። ሁለት ወይም ሦስት፣ ጠንካራ ጠንካራውን፣ ተራርቆ የበቀለውን አልኳቸው። መቀሱን ከኪሳቸው አወጡ።