የቪክቶሪኖክስ የኩሽና ቢላ፦ ስለቱ የበዓል ሽንኩርት ይችላል?

የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ በአብዛኛው የሚታወቀው በኪስ ቢላው ነው። እኔ የምጽፈው ግን ስለ ኩሽና ቢላው ነው፤ ያ ፋይብሮክስ የሚባለው፣ ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ያለው፣ 20 ሴንቲ ሜትሩ። መልኩ እንኳ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቤት ካሉት ቢላዎች ሁሉ ግን መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው።

አዲስ ሲሆን ቲማቲሙን ሳይጨፈልቅ ስስ አድርጎ ይቆርጣል። ይሄ ብዙም አያስደንቀኝም፣ አዲስ ቢላማ ይቁረጥ እንጂ! ዋናው ነገር የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ላይ ሲደርስ ነው። የበዓል ዋዜማ ክምሩን ታውቁታላችሁ። ቢላው መሃል ላይ ከዶለዶመ ሽንኩርቱን መቁረጡን ትቶ መጭመቅ ይጀምራል፣ ጭማቂው ሲበዛ ደግሞ ዓይን የሚያስለቅሰውም ይብሳል።

እውነቱን ለመናገር የዚህ ቢላ ብረት ጠንካራ ከሚባሉት ውስጥ አይደለም። ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ 55 ወይም 56 አካባቢ ነው፤ ቪጂ 10 ከሚባለው ብረት የሚሠሩት የጃፓን ቢላዎች ግን 60 ገደማ ይደርሳሉ። ስለዚህ ስለት ቶሎ ባለመልቀቅ ጃፓኖቹ ይበልጡታል፣ ክርክር የለውም። ግን ለስለስ ያለ ብረት አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። ሲደክም ብዙ ጊዜ የስለቱ ጫፍ አልቆ ሳይሆን ወደ ጎን ተኝቶ ነው። ሥጋ ቤት ቆራጮቹ ቢላቸውን ቸስ ቸስ የሚያደርጉበትን ዘንግ አይታችሁ የለ? እሱ የተኛውን ያቃናዋል፣ ጥቂት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ማለት ይበቃል። ጠንካራው የጃፓን ቢላ ዶሮ ሲበለት አጥንት ከነካ ሊሸረፍ ይችላል፤ ከተሸረፈ ደግሞ ዘንግ አያድነውም፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ መሳል ነው። ለኛ ኩሽና፣ አጥንት ለማይጠፋበት፣ እኔ ለስላሳውን እመርጣለሁ።

እርግጥ ዘንጉም ለዘላለም አይሠራም። ጫፉ ቀስ በቀስ ያልቃል፣ ያኔ ድንጋዩ አይቀርም። መክተፊያችሁ ብርጭቆ ወይም እብነ በረድ ከሆነ ግን የትኛውንም ቢላ ብትገዙ ገንዘባችሁን በከንቱ ነው የምትጨርሱት። እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። የተከተፈውን ወደ ድስት ስትጠርጉም በስለቱ ሳይሆን በጀርባው ጥረጉት፤ ስለቱን ጣውላ ላይ በጎን መፋቅ ነው ቶሎ የሚያስተኛው።

ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ የአንጥረኛ ቢላም አለኝ። በደንብ ከተሠራ ስለቱን ይይዛል፣ ሲሳልም አያስቸግርም። ክፋቱ ዝገቱ ነው፤ ሎሚ ነክቶት ሳይታጠብ ካደረ ጠዋት መልኩ ሌላ ነው። ቪክቶሪኖክሱ ክሮሚየም ስላለው እንደዚያ አያስጨንቅም። ለክትፎ ግን ይቀለኛል፣ ከበድ ያለ ነገር እጄ ላይ እፈልጋለሁ፤ ለዚያ ባሌስትራውን ነው የማወጣው።