ወረርሽኝ ሲገባ፦ የሽማግሌዎች ጸሎት ወይስ የመንግሥት እርምጃ?

ሐዋሳ ውስጥ በሽታ ገባ በተባለ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል።

ወጪ፦ ለጸሎቱ በግ ወይም ወይፈን ከተዋጣ ለደሃ ቤት ይከብዳል። የመንግሥት ክልከላም ቀላል አይደለም። መጋቢት 30 ቀን 2012 የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር፤ የዕለት ጉርሱን ከገበያ ለሚያገኝ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ተሰሚነት፦ እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ይበልጣሉ። በሲዳማ ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ የወሰነውን መጣስ ከወገን መገለልን ሊያመጣ ይችላል። በድምፅ ማጉያ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ግን ቶሎ ይረሳል።

አደጋ፦ ኮሌራ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አስከሬን ማጠብና ለቅሶ ቤት አብሮ መብላት በሽታውን ያዛምታል። ያልታከመ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ጸሎቱ እስኪያበቃ አይጠብቅም። እባካችሁ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ፣ በመንገድም እያጠጣችሁ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ስለዚህ ተቅማጥና ትውከት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ጤና ጣቢያው ይቅደም። ሰፈሩ በፍርሃት ሲታመስ፣ ወይም ለቅሶው አጭር ይሁን ብሎ ሐዘንተኛን ማሳመን ሲያስፈልግ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ይጠሩ።