ሌቪስ ወይስ ትሮፒካሊስ? ለፆታ ሆርሞን ጥናት የምትሻለው እንቁራሪት

ሌቪስና ትሮፒካሊስ ሁለቱም ዜኖፐስ የተባለው የእንቁራሪት ወገን፣ ሁለቱም የአፍሪካ ናቸው።

ጊዜ፦ ሌቪስ ለመራባት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ታስጠብቃለች። ትሮፒካሊስ በግማሽ ዓመት ገደማ ትደርሳለች።

አያያዝ፦ ሌቪስ ቻይ ናት፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ውሃ ይበቃታል። ትሮፒካሊስ ሞቅ ያለ ትፈልጋለች። የመብራት ሂሳቡን አስቡት!

ፆታ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። በሌቪስ ፆታን በሚወስኑት ክሮሞዞሞች (ጂን ተሸካሚ ክሮች) ሴቷ ዜድ-ደብልዩ፣ ወንዱ ዜድ-ዜድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው ዲኤም-ደብልዩ ጂን እንቁልጢ (እንቁላል የሚያመርተው የሴት አካል) እንዲሠራ ይገፋል። ጭራ ያላቸው ጨቅላዎች ያሉበት ውሃ ውስጥ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሲጨመር፣ በጂኑ ወንድ የሆነውም እንቁልጢ ሊያበቅል ይችላል። ጂኑን መርምሮ መለየት ቀላል ነው። ትሮፒካሊስ ግን በዝርያዋ ውስጥ ዋይ፣ ደብልዩና ዜድ የተባሉ ሦስት ዓይነት የፆታ ክሮሞዞሞች አሏት፤ ራስ ታዞራለች።

ኬሚካል ሆርሞን ማዛባቱን ለመፈተሽ ሌቪስ። ጂን ነክቶ በትውልድ ለመከታተል ትሮፒካሊስ፤ ክሮሞዞሟ 20 ብቻ ነው፣ የሌቪስ 36።