ለታዳጊዎች «የአውሮፓ ጉብኝትና የሊግ ጨዋታ» ጉዞ ቀብድ ልትከፍሉ ያሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

በታዳጊ ቡድን ወላጆች የቴሌግራም ግሩፖች የሚዞረው ማስታወቂያ ይዘቱ ተመሳሳይ ነው። ከ13 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች በሐምሌ አስር ቀን ለንደን፣ ፓሪስና ባርሴሎና፤ የፕሪሚየር ሊግና የላሊጋ ጨዋታ በስታዲየም፤ ለጎበዞቹ የክለብ ሙከራ፤ ቪዛ የተረጋገጠ፤ ለምዝገባ ግማሽ ክፍያ። ስትጠይቋቸው መልሱ «አብሽሩ፣ ሁሉም በኛ ነው» ነው። አትክፈሉ።

ቀኑን ብቻ ብታዩ በቂ ነው። ፕሪሚየር ሊጉም ላሊጋውም ግንቦት ላይ ይጠናቀቃሉ፤ የሚከፈቱት ነሐሴ ውስጥ ነው። በሐምሌ የሊግ ጨዋታ የለም፤ ትልልቆቹ ክለቦችም በዚያ ወቅት ብዙ ጊዜ ለዝግጅት አሜሪካ ወይም እስያ ናቸው። የእኛ ልጆች ትምህርት የሚዘጋው ደግሞ በዚሁ ጊዜ ነው፤ ሻጩ የሚጠቀመውም በዚህ ነው። ከደረሱ በኋላ የሚሰጣቸው የስታዲየም ጉብኝት ብቻ ይሆናል፣ ማለትም ባዶ ወንበርና የመልበሻ ክፍል። በትምህርት ወቅት እንሂድ ከተባለም የጨዋታ ቀንና ሰዓት ለቴሌቪዥን ሲባል ስለሚቀያየር፣ የትኛው ጨዋታ እንደሆነና ቀኑ ቢዛወር ምን እንደሚደረግ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ትኬቱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ክለቡ ፈቃድ የእግር ኳስ ትኬት መልሶ መሸጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ ወንጀል ነው። የትልልቅ ክለቦች ትኬት ቅድሚያ ለአባላት ይሸጣል፣ አሁን በአብዛኛው የሚላከውም ወደ ስልክ ነው። ስለዚህ «ሃያ ትኬት በእጃችን አለ» ብሎ የታተመ ወረቀት የሚያሳያችሁን ሰው ከክለቡ ራሱ ወይም ክለቡ ከወከለው ሻጭ የገዛበትን ማረጋገጫ ጠይቁት።

ገንዘብ የሚቀልጠው ግን በአብዛኛው ቪዛው ላይ ነው። በሸንገን ቪዛ (ፈረንሳይንና ስፔንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ለንደን አይገባም፤ የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ይጠየቃል፣ ለብቻው ይከፈላል። «በአንድ ቪዛ ሦስቱም ከተማ» የሚለው ውሸት ነው። የሸንገን ክፍያ ከ12 ዓመት ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ማመልከቻው ከጉዞው ቢበዛ 6 ወር፣ ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ ይገባል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሟል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስና የወላጆች የስምምነት ደብዳቤም ያስፈልጋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አሻራ የሚሰጠው ራሱ ቀርቦ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባው ደርሶ መልስና አዳር በማን ወጪ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለቡድን በጅምላ የሚሰጥ ቪዛ የለም፤ የእያንዳንዱ ልጅ ማመልከቻ ለየብቻው ይታያል። ከ18 ልጆች 11ዱ ብቻ ቢፈቀድላቸው የአውቶቡስና የአስጎብኚ ወጪ በ11 ይካፈላል፣ ዋጋውም ይንራል። ጉዞው የሚካሄድበትን ትንሹን ቁጥር ያልጻፈ ውል አትፈርሙ።

ደረሰኙ ላይ የሚጻፈውንም አስተውሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። አንዳንድ አዘጋጆች «ቀብድ» ብለው ይቀበሉና ቪዛ ሲከለከል «የቀራችሁት እናንተ ናችሁ» ይላሉ። ስለዚህ «ቅድመ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከሥሩም ይህ ይጨመር፦ «የልጁ ቪዛ ከተከለከለ፣ በደረሰኝ ከተረጋገጠ የቪዛና የኢንሹራንስ ወጪ በቀር የተከፈለው በሙሉ በ15 ቀን ውስጥ ይመለሳል።» ይህን አልጽፍም ካለ ተዉት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዋጋው በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደተሰላም ይጻፍ። ባዶ ቼክ ለመያዣ አትስጡ።

የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጧል ካሏችሁ ስድስት ፊደልና ቁጥር የያዘው የማስያዣ ኮድ አይበቃም፤ እሱ ቦታ መያዙን እንጂ መከፈሉን አያሳይም፣ ጊዜው ሲያልፍም ይሰረዛል። የተከፈለ ትኬት 13 አሃዝ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ቁጥሩን ይዛችሁ አየር መንገዱን ራሱን ጠይቁ።

ከሁሉም የሚያሳስበን ግን ሙከራ የሚሉት ነገር ነው። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ልዩ ሁኔታዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ አገር ሲዛወሩ። ከደሴ ሸዋበር ወይም ከኮምቦልቻ ሜዳ የተነሳ የ15 ዓመት ልጅ በጉብኝት ቪዛ ሄዶ ክለብ አይፈርምም። ለልጁ «እዚያ ትቀራለህ» የሚል ሰው ልጁን ለአደጋ እያዘጋጀው ነው፤ ይህ በቀጥታ ለፖሊስ የሚነገር ጉዳይ ነው።

በክረምት በእውነት የሚካሄድ ነገር የሚፈልግ ቡድን የታዳጊዎች ውድድሮችን ይመልከት። ጎቲያ ካፕ በየዓመቱ በስዊድን ጎተንበርግ በጁላይ ይካሄዳል፣ ልጆቹም ይጫወታሉ። ምዝገባውን ግን ቡድኑ ራሱ በውድድሩ ድረ ገጽ ያድርግ፤ የቪዛው ሕግ እዚያም ያው ነው።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የድርጅቱን ንግድ ፈቃድ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ኢትሬድ (የመንግሥት የንግድ ምዝገባ ድረ ገጽ) ላይ አረጋግጡ። የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ካልሆነ፣ ወይም በግለሰብ ቴሌብር አስገቡ ከተባላችሁ፣ አትላኩ።

የከፈላችሁ ካላችሁ በቅድሚያ የልጁን ፓስፖርት አስመልሱ። የባንክ ማስተላለፊያውን፣ የቴሌግራም ጽሑፉንና የድምፅ መልእክቱን ሳይጠፋ አስቀምጡ፤ ገንዘባችሁ እንዲመለስም በጽሑፍ ጠይቁና ቅጂው ላይ አስፈርሙ። እምቢ ካለ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጠቅሳችሁ ለከተማችሁ ንግድ ጽህፈት ቤት አቤት በሉ። የአንድ ቡድን ወላጆች ከሆናችሁ በአንድ ማመልከቻ ስማችሁን ዘርዝራችሁ አስገቡ።